ሁለት ካሜራ በአዳማ የጥር ፀሐይ

በፈረንጅ አገር ስለ ፎቶግራፍ ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱን የገለጠ ሰው «የፍቅር ከተማን በክረምት ስለ ማንሣት» የሚል ምዕራፍ ቢያጋጥመው አይደነቅም። ምክሩም የታወቀ ነው፤ በረዶ የሸፈነውን ድልድይ፣ በጭጋግ ውስጥ የሚታየውን የመንገድ መብራት፣ ካፖርት ደርበው ተቃቅፈው የሚሄዱትን ጥንዶች ፈልግ ይላል። ይህንኑ ምክር አንድ ተማሪ ቃል በቃል ተርጉሞ፣ ካሜራውን አንግቶ በክረምት ወደ አዳማ ቢወርድ ግን የሚጠብቀው ዝናብና ጭቃ ነው። የእነርሱ ክረምት በእኛ አቆጣጠር በጋ ነው፤ ይኸውም ሰማዩ የጠራበት፣ ሌሊቱ የሚቆረቁርበት፣ ቀኑ የሚያቃጥልበት የታኅሣሥና የጥር ወራት ነው።

እኛም በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሰንበት፣ ከአንድ ወዳጃችን ጋር ወደ አዳማ ወርደን ሦስት ቀን ቆየን። ምክንያቱ የወዳጃችን የአጎት ልጅ ሠርግ ነበር። ሁለታችንም በየመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ከማገላበጥ በቀር የተማርነው ሌላ ሙያ የለንም፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን እንወዳለን፤ እንከራከርበታለንም። ወዳጃችን የያዘው ዲጂታል ካሜራ ነው። እኛ የያዝነው ከአባታችን የወረስነውን፣ ፊልሙ በአውራ ጣት እየተጠመዘዘ የሚያልፍበትን አሮጌ መሣሪያ ነው። ክርክራችን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መግቢያ ድረስ አላባራም።

ክርክሩን ያቆመችው የሙሽራዪቱ አያት ናት። ቤተ ዘመዱ ሁሉ በኦሮምኛ «አኮ» እያለ የሚጠራት፣ ዕድሜዋን ራሷም በትክክል የማታውቀው አሮጊት ናት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሁለቱን ካሜራ አየችና ከግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አስወርዳ አሳየችን። ከሃያ ዓመት በፊት በጥምቀት ዕለት አንድ ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺ ያነሣላት ነው። ነጠላው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የጥለቱ ቀለም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በነጠላው መካከል ግን ፊት በሚሆንበት ቦታ ላይ ያለው አንድ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

«ነጠላዬን ያየ ሁሉ ጥለቱን ያደንቃል፤ ባለቤቲቱን ግን ጠይቆ ነው የሚያውቅ» አለችን። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ አሉ። እስቲ ከመሞቴ በፊት ፊቴን አውጡልኝ።»

ወዳጃችን ወዲያው ካሜራውን ሊያነሣ ሲል ከለከለችው። በሠርጉ ቀን፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ካልሆነ አትነሣም። ስለዚህ እስከ እሑድ ድረስ ሁለት ቀን ነበረን፤ ሁለቱንም ቀን የአዳማን ብርሃን ስናጠና አሳለፍን ብንል ሐሰት አይሆንም።

ይህ ብርሃን ራሱን የቻለ ነገር ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ በምትርቅበት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ፣ በቀትር በአዳማ ሰማይ ላይ የምትደርስበት ከፍታ 58 ዲግሪ ያህል ነው። በዚያው ቀን በፓሪስ ከ18 ዲግሪ አታልፍም። የፓሪሱ ፎቶግራፍ አንሺ እንግዲህ ደመናው ከገለጠለት ቀኑን ሙሉ ጥላው የረዘመ፣ ከጎን የሚመጣ ዝቅተኛ ብርሃን አለው፤ ቢተኛና አርፍዶ ቢነሣም አያመልጠውም። የአዳማ ፀሐይ ግን ያንኑ 18 ዲግሪ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አልፋው ትሄዳለች። በጥር ወር ከጧቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ገደማ ሲቀረው ትወጣለች እንበል፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ጥላው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ቅንድብ ዓይንን ይሸፍናል፤ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ መልካም ብርሃን የሚመለሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ነው። በአዳማ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዋና ጠላቱ እንቅልፍ ነው፤ ሁለተኛው ጠላቱ የምሳ ግብዣ ነው።

አዳማን የፍቅር ከተማ ማለታችን የሚያስቆጣው ሰው ይኖር ይሆናል። «የፍቅር አገር» የሚለውን ማዕረግ ድሬዳዋና ጅማ ሲሻሙበት ኖረዋልና ለሦስተኛ የሚተርፍ የለም። የሆነ ሆኖ ከአዲስ አበባ ብርድ ሸሽተው ለሰንበት የሚወርዱት ጥንዶች ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ያውቃል፤ አዳማና የሶደሬ ፍል ውሃ ናቸው። የከተማይቱ ስም አዳሚ ከተባለው ቁልቋል መሰል ተክል የመጣ ነው ይባላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደው በናዝሬት ስም ተጠራች፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ እርሷ በመንገዱ ላይ ነበረች። በዚያ ባቡር ዘመን ሰው ለመሸኘትም፣ ለመቀበልም፣ ያለ ምክንያት ለመታየትም ወደ ጣቢያው ይወጣ ነበር። አሁን ተጓዡ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ፈጣን መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዳማ በኩል ያልፋል። የሸኚው እንባ ግን ለፈጣን መንገድ የሚመች አይመስለንም። በመንገድ ክፍያ በር ላይ ቆሞ መሐረብ የሚያውለበልብ ሰው አላየንም።

ዓርብ ማታ ከከተማው ዳር ቆመን ወደ ምዕራብ ተመለከትን። በኮረብቶቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ተሰልፈው ፀሐይዋ ከበስተጀርባቸው ትወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመሩት 34፣ በ2015 የተጨመሩት 102፣ በድምሩ 136 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ ሁሉም በአንድነት 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። የአዳማ ነፋስ አቧራ በዓይን ከመበተን በቀር ሌላ ሥራ የለውም ሲባል ኖሮ፣ ይኸው አምፖል የሚያበራ ሆኗል።

ወዳጃችን እንደ ልማዱ ፈጥኖ አነሣ፤ ካሜራው የመረጠለት ፍጥነት የሴኮንድ 1/500ኛ ነበር። ሥዕሉን ስናየው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ክንፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የተበላሸ ማሽን ይመስላል። ፍጥነቱን ወደ 1/15ኛ አውርዶ፣ ካሜራውን በድንጋይ ላይ አስደግፎ ደግሞ ሲያነሣ ክንፎቹ እንደ ጭስ ተዘረጉ፤ ነፋሱ ታየ። እኛ ይህን ለማወቅ ፊልሙ እስኪታጠብ መጠበቅ ነበረብን። በዚህ በኩል የዲጂታልን ብልጫ ሳንከራከር ተቀበልን፤ ስሕተትን እዚያው ቆሞ ማረም ትልቅ ነገር ነው።

ለነገሩ የዚህ መሣሪያ አባት ራሱ የፊልም ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ወጣቱ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንዱን ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይወስድበት ነበር፤ ሥዕሉም የተሠራው ከ10,000 ነጥቦች ብቻ ነው። ኩባንያው ይህ ነገር ፊልሙን እንዳይጎዳበት ፈርቶ ብዙ አልገፋበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ጥበቃ የጠየቀው ይኸው ኮዳክ ነው።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ወደ ዋናው መንገድ ገባን። በእኛ አገር ድንግዝግዝታው አጭር ነው፤ ከጥልቀቷ በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ፣ መብራቱም ቢጫ ሆኖ ሁለቱ የሚመጣጠኑት ሃያ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች አዳማ ታምራለች። ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ይርመሰመሳሉ፤ ሙዝና ብርቱካን ሻጮች አምፖል ያንጠለጥላሉ፤ ቀን ከሙቀቱ የተሸሸገው ሰው ሁሉ ታጥቦና ተቀባብቶ ወደ አየር ይወጣል። እኛ የያዝነው ፊልም በካርቶኑ ላይ 200 የሚል የተጻፈበት ነበርና ለዚህ ሰዓት ደካማ ነው፤ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ለማንሣት ጭንቅ ነው። ወዳጃችን ግን በካሜራው ላይ ቁጥሩን ወደ 3200 አዞረና እንደ ቀን አነሣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገጠመን። ከአንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከመስታወቱ የሚወጣው ብርሃን የአንደኛዋን ጉንጭ ብቻ ሲያበራ አየንና ሁለታችንም በአንድነት አነሣን። ሰውዬው ብድግ ብሎ መጣ። በዕድሜ ከእኛ ከፍ ያለ፣ ከረባት ያሰረ፣ የተከበረ የሚመስል ሰው ነው። አልተቆጣም፤ ይልቁንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሞቼ፣ ያችን ነገር አጥፉልኝ፤ ቤት አለኝ» አለን። ወዳጃችን አፍሮ ይቅርታ ጠየቀና እያሳየው ደመሰሰው። ሰውዬው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ፊልም እንደማይጠፋ፣ ሊጠፋም የሚችለው ሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ አብረው ሲጠፉ ብቻ እንደ ሆነ ስናስረዳው አላመነንም። በመጨረሻ እንደማናሳትመው በእናታችን ስም ምለን ተለያየን። ከተማን እናንሣ ብሎ የወጣ ሰው አስቀድሞ ይህን ማሰብ ነበረበት። ፍቅረኞች የከተማ ጌጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጌጥ እንዲሆኑ ማንም አላስፈረማቸውም። ከዚያ ወዲያ ጠይቀን እንጂ ሳንጠይቅ የማንንም ፊት አላነሣንም፤ ከተጠየቁት የሚበዙት በደስታ ይፈቅዳሉ፤ ፎቶውንም ላኩልን ይላሉ።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን ወደ ወንጂ ወረድን። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የስኳር ፋብሪካ የከፈተበት ሜዳ ነው። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሥራው ወደ አዲስ ፋብሪካ ተዛውሯል፤ አገዳው ግን አለ። በጥር ጧት ከአዋሽና ከመስኖ ቦዮቹ የሚነሣው እንፋሎት በአገዳው ላይ እንደ ጋቢ ይተኛል። የፈረንጆቹ መጽሐፍ የሚያወራለት ጭጋግ ይኸውና በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተገኘ፤ ፀሐይ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን አንድም አልቀረም። በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱት ሰዎች በእንፋሎቱ ውስጥ ከወገባቸው በላይ ብቻ እየታዩ ያልፉ ነበር። እኛ ስድስት ፎቶ አነሣን፤ ወዳጃችን መቶ ሃያ። ከመቶ ሃያው ሁለቱ ግሩም ናቸው። ነገር ግን በመካከሉ ሌንስ ሊቀይር ካሜራውን በነፋሱ ፊት ለፊት ከፈተና አቧራ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ባነሣው ሰማይ ሁሉ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። በበጋ በዚህ አገር ሌንስ መቀየር ያለበት ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከዚያ በሞጆ በኩል ዞረን፣ የቆቃን ሐይቅ በስተግራ ትተን፣ በመቂ አልፈን ወደ ባቱ ሄድን፤ ቀድሞ ዝዋይ የምንላት ናት። ሐይቁ ዳር አሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ሆድ ዕቃ የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመዋል። ፔሊካኖቹ ይዋኛሉ። በጥር ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም አብረው አሉ፤ የፈረንጅን ክረምት የሚሸሽ ፎቶ አንሺ ብቻ አይደለም።

ስለ ሐይቆቹ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በቀን የተጻፈ ፎቶግራፍ ከጌጥነት የሚበልጥ ጥቅም አለው። የአብያታ ሐይቅ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተወሰደበት፣ ከላይ ከዝዋይ የሚመጣለትም እያነሰበት፣ ዳርቻው በዓይን እስኪታይ ሸሽቷል። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ እስከ መድረስ ሰፍቷል። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲያሳድድ የኖረበት ታሪክ ነው። አንድ የአካባቢው ተማሪ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በየዓመቱ በጥር የመጀመሪያ ቀን አንድ ፎቶ ቢያነሣ፣ በጀርባውም ቀኑን ቢጽፍ፣ የሚሰበስበው ብዙ ቢሮ የማያገኘው ማስረጃ ነው። ለዚህ ሥራ የእጅ ስልክም ይበቃል።

ማታ ላንጋኖ ደረስን። የላንጋኖ ውሃ ቀለሙ ቡና በወተት ይመስላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅበት ወደ መዳብ ይለወጣል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ፎቶ አነሣን፤ አሁንም ይጠመዘዛል። የካሜራውን መቁጠሪያ ብናየው 38 ይላል። ፊልሙ 36 ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥቅሉ አንድ ሁለት ፎቶ ይመርቃልና ደስ አለን። 39። 40። ወዳጃችን ዝም ብሎ ተመለከተን። ጣታችን 41ኛውን ሲጠመዝዝ ሆዳችን ቀዘቀዘ።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ የካሜራውን ጀርባ ከፈትን። የፊልሙ ጫፍ ከመጠቅለያው ጥርስ አምልጦ፣ ሙሉው ጥቅል ከዓርብ ጀምሮ ባለበት ተቀምጧል። ሁለት ቀን ሙሉ ያነሣነው ባዶ ነው። የወንጂ እንፋሎት የለም፤ ብስክሌተኞቹ የሉም፤ አባ ኮዳዎቹ የሉም። የጭማቂ ቤቱም ሰውዬ የለም። ያ የተከበረ ሰው ምስጢሩ ከማልንለት በላይ ተጠብቆለታል፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ በእኛ ነገር እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል።

ፊልም የጫነ ሰው ሁለተኛውን ፎቶ ሲያነሣ በካሜራው ግራ ያለችው የመጠምጠሚያ ቁልፍ አብራ መዞር አለመዞሯን ማየት አለበት። አባታችን ይህን አስተምረውን ነበር። ሌሊቱን ወደ አዳማ ስንመለስ ወዳጃችን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ከስድብ የከፋ ነበር።

እሑድ ሠርግ ሆነ። አዲስ ጥቅል አስገብተን ቁልፏ መዞሯን ሦስት ጊዜ አረጋገጥን።

አሁን ወደ አኮ ፊት እንመለስ። ያ ከሃያ ዓመት በፊት የተነሣው ፎቶ ለምን ጠቆረ? ፎቶ አንሺው ሰነፍ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያስብ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከፊቱ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ቀሚስና ነጭ አቧራ ሲደቀንበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ይተርፋል፤ ጠይም ፊት ግን ይሰጥማል። በቀትር ፀሐይ ሲሆን ደግሞ በነጭ ልብስና በጥላ ውስጥ ባለ ፊት መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ከሚችለው በላይ ነው።

ፊልሙም ራሱ ንጹሕ አልነበረም። ኮዳክ ለየማጠቢያ ቤቱ ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ሸርሊ ነጭ ሴት ናት። ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ላይ የታጠበው የቀለም ፎቶ ትክክል የሚባለው የእርሷ መልክ ትክክል ሲሆን ነበር። የጥቁርና የእስያ ሴቶች አብረዋት የታዩበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የሚያስቀው ግን፣ የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ የቡናማ ቀለም ልዩነት በፊልም ላይ እንዲሻሻል ቀድመው የጮኹት የቸኮሌት ፋብሪካዎችና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች መሆናቸው ነው። ቸኮሌት ቅር ተሰኘና ተሰማለት። በእኛ አገር በቤተ መንግሥት ሲሠሩ የነበሩት እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉት አርመኖች በፎቶ ቤታቸው ውስጥ ብርሃኑን እንደ ፈለጉ ያዞሩት ነበርና ፊት አይጠፋባቸውም። በጥምቀት ሜዳ ላይ በቀትር የቆመችው ሴት ግን ይህ ዕድል አልነበራትም።

መድኃኒቱ ለሁለቱ ካሜራ የተለያየ ነው፤ ሠርጉ ላይ የተጣላነውም በዚሁ ነው። የቀለም ፊልም ብርሃን ሲያንሰው ይበላሻል፤ ሲበዛበት ግን ይታገሣል። ስለዚህ ለፊቷ ለክተን፣ መለኪያው ከሚለው ሁለት ደረጃ ጨምረን ብናነሣት ነጠላው አይጠፋም። ዲጂታል በተቃራኒው ነው። ከጥላ ውስጥ ፊትን በኋላ ማውጣት ይቻላል፤ ነጠላው አንዴ ከነጣ ግን ነጣ፤ የጥለቱን ክር ማንም አይመልሰውም። ወዳጃችን ስለዚህ በነጠላው ለክቶ፣ ፊቷን በኋላ ሊያበራ አሰበ። እኛ «ፊቷን ለኮምፒዩተር አትተውባት» አልነው፤ እርሱ «የእናንተን ፊልም ትናንት አይተነዋል» አለን። በዚህ መልስ አልነበረንም።

ያስታረቀን በረንዳው ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ለፎቶ ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም። አኮን ከፀሐዩ አንሥተን በቤቱ በረንዳ ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ፊት ለፊቷ ያለው ግቢ ደረቅ አቧራ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ያ የአዳማ ነጣ ያለ አቧራ የቀትርን ፀሐይ ከመሬት ወደ ላይ መልሶ ፊቷ ላይ ይረጨዋል። ቅንድቧ ዓይኗን መሸፈኑን አቆመ። ነጠላዋን ትንሽ ወደ አገጯ ዝቅ እንድታደርግ ጠየቅናት፤ እርሱም እንደ መስተዋት ብርሃን ጨመረላት። በፊቷና በነጠላዋ መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ ለሁለቱም ካሜራ የሚበቃ ሆነ። በፎቶ ቤት በብዙ ሺህ ብር የሚገዛው የብርሃን መመለሻ እዚያ ግቢ ውስጥ በነጻ ተዘርግቶ ነበር።

ወዳጃችን ሃያ ያህል አነሣ። አንዱን በካሜራው ጀርባ ላይ ሲያሳያት ሳቀች፤ ስትስቅም አነሣት። እኛ አንድ ፎቶ ብቻ ለማንሣት ወሰንን፤ ስትስቅ አይደለም፣ ሳቁ ካለቀ በኋላ ሙሽራዪቱ ከውስጥ ስትወጣ ወደ እርሷ በዞረች ጊዜ። አዝራሩን የተጫንንበትን ቅጽበት እናስታውሳለን፤ ያገኘነውን ግን አላየንም። የሠርጉን ጭፈራ፣ የማታውን መብራትና የእጅ ስልኩን ሁሉ ወደ ላይ ያነሣውን ሕዝብ ለወዳጃችን ተውንለት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፊልም የሚያጥብ ቤት ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም፤ ዋጋውም ከነማጠቢያው ሲታሰብ ለሁለት ሰው ጥሩ ምሳ ይገዛል። ከ36ቱ ለሰው የሚታዩ ሆነው የተገኙት 11 ናቸው። የአኮ ፎቶ በመካከላቸው ነበር። ፊቷ አለ፤ የጥለቱም ክር አለ። የወዳጃችንም ፎቶ መልካም ነው፤ ሳቋ ይሰማል ለማለት እስኪቃጣ ድረስ። ሁለቱንም በአንድ መጠን አሳትመን፣ መስተዋት አስገብተን ወደ አዳማ ይዘን ወረድን።

አኮ መነጽሯን አስመጣች። በመጀመሪያ የሚስቀውን አየችና ለልጅ ልጆቿ አሳለፈችው። ሁለተኛውን፣ ወደ ሙሽራዪቱ የዞረችበትን፣ በጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ጣቷን በመስተዋቱ ላይ በግንባሯ፣ ከዚያም በጉንጯ አሳለፈች።

«ይህን ሁሉ ሽብሽብ የት ስታከማቹት ነበር?» አለችን።

ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርታ ከአሮጌው ፎቶ አጠገብ ምስማር እንዲመታላት አዘዘች። ልጁ አሮጌውን አውርዶ በምትኩ ሊሰቅለው ሲል ጮኸችበት።

«ያንን ማን ንካው አለህ! ጥለቱ በእርሱ ላይ ነው የሚያምረው።»